«እናቴን!» ብለን ስንምል

(አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ ባዘጋጀው የእናቶች ቀን ዝግጅት ላይ ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ወደ ግቢያችሁ ስገባ በሩ አካባቢ ሁለት ልጆች ይከራከሩ ነበር። አንደኛው «እናቴን! አልወሰድኩም» ይላል። ሌላኛው «እናቴ ትሙት፣ በዓይኔ አይቼሃለሁ» ይለዋል። የሚከራከሩት በእስክሪብቶ ነው። ለአንዲት እስክሪብቶ ሁለት እናቶች ምስክር ሆነው ቀረቡ ማለት ነው።

እስቲ አስቡት። ጠዋት ከቤት ወጥታችሁ ማታ እስክትገቡ «እናቴን» የምትሉት ስንት ጊዜ ነው? ሰው የሚምለው ማጣት በማይፈልገው ነገር ነው። «አባቴን» ብሎ የሚምልም አለ፤ ነገሩ ሲከርርና የሚያምነን ስናጣ ግን አብዛኞቻችን የምንመዘው የእናታችንን ስም ነው። የሚገርመው ደግሞ ጠብ ሲነሳ የመጀመሪያው ስድብ የሚወረወረውም ወደ እናት መሆኑ ነው። እቤቷ ተቀምጣ ሽሮዋን የምታማስል ሴት በማታውቀው ጠብ ትሰደባለች።

እኔ የተማርኩት ሶሺዮሎጂ ነው። ትምህርቱ አንድ አመል ያስለምዳል፤ ሰው ሁሉ እንደ ተራ ነገር የሚያልፈውን ቆም ብሎ ማየት። ለምሳሌ ስማችንን እዩት። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። አያት የተባለውም ቢሆን የአባት አባት ነው። እናት በስማችን ውስጥ የለችም። የምትጠየቀው ፎርም ስንሞላ ብቻ ነው፣ ያውም ከታች በኩል። በዚያው ቋንቋ ግን ትልቅ የምንለውን ነገር በእሷ እንጠራዋለን። እናት አገር እንላለን፤ እናት መሥሪያ ቤት እንላለን።

እንዲህ እንደ ዛሬው የሚከበረው የእናቶች ቀን ከውጭ የመጣ ነው። መነሻው አና ጃርቪስ የምትባል አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1908 በዌስት ቨርጂኒያ፣ ግራፍተን በምትባል ከተማ ለሟች እናቷ የቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ እንዲደረግ አደረገች። በ1914 ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ብሔራዊ ቀን አድርገው አወጁት። ሴትየዋ ራሷ ልጅ አልወለደችም። በኋላ የአበባና የፖስት ካርድ ነጋዴዎች በዓሉን ሲቀራመቱት ተናዳ ለረጅም ዓመታት ስትታገላቸው ኖረች፤ በ1948 አረፈች። ቲክቶክንና ፌስቡክን ብታይ ምን ትል እንደነበር እንጃ! ያን ቀን የእናቱን ፎቶ ለጥፎ «ጀግናዬ» የሚል ልጅ መዓት ነው፤ የእናትየዋ ስልክ ግን ደውሎ ከማነጋገር ሌላ ስለማያውቅ ጽሑፉን አታየውም። በኛም አገር በጉራጌ አንትሮሽት የሚባል እናቶች የሚከበሩበት በዓል አለ። እሱ ላይ ፖስት ካርድ የለም፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ አብሮ ይበላል፣ ይጫወታል።

እኔ ዛሬ ስለ አበባም ስለ ፎቶም አላወራም። የማወራው ስለ ሥጋና ደም ነው።

በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ እንደተማራችሁት ፅንስ ከእናቱ ጋር የሚገናኘው በእንግዴ ልጅ በኩል ነው። (ስሙ እንዴት ደስ ይላል! ዘጠኝ ወር ሠርቶ በመጨረሻ አብሮ ወጥቶ የሚቀበር እንግዳ።) ብዙ ሰው የእናትና የልጅ ደም አንድ ላይ የሚፈስ ይመስለዋል። አይደለም። ሁለቱ ደሞች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ምግብና ኦክስጅን ወደ ልጁ ይሻገራል፣ ቆሻሻው ወደ እናትየዋ ይመለሳል፣ ደሙ ራሱ ግን በመደበኛው ሁኔታ አይቀላቀልም። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ድንበሩ ግን ድርግም ብሎ የተዘጋ አይደለም። ጥቂት ሴሎች ሾልከው ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ወንድ ልጅ ወልዳ በነበረች አንዲት ሴት ደም ውስጥ ከ27 ዓመት በኋላ የወንድ ሴል ተገኝቷል። ሴት የዋይ ክሮሞዞም የላትም። ስለዚህ ሴሉ የመጣው ከፅንሱ ነው። ልጅየው ጎጆ ወጥቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ምናልባት ስልክ መደወልም ትቶ ይሆናል። እናቱ ደም ውስጥ ግን አለ።

ይህን ሁሉ የምትከፍለው በነፃ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንፃር 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞቱ እንደነበር ያሳያል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ወርዷል ማለት ጥሩ ነው። ግን አራት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶችን በዚህ ሜዳ ላይ አሰልፋችሁ እዩአቸው፤ ያኔ ጥሩ ለማለት አፍ ይይዛል። በ2003 ዓ.ም. ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26 ደረሱ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48። ይኸ ቁጥር ለሚቀጥለው ታሪክ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ፣ ወደ ኤች አይ ቪ ልምጣ። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በሦስት ጊዜ ነው፦ በእርግዝና፣ በምጥና በወሊድ፣ እንዲሁም በጡት ማጥባት። ምንም ዓይነት መከላከያ ካልተደረገ ቫይረሱ በደማቸው ካለ እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። ልብ በሉ፣ ምንም ባይደረግ እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አይያዙም። ለምን? ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚሠራው። ደም ከደም አይቀላቀልም። እንግዴ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ይከላከላል። እናትየዋ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን በትክክል ስትወስድና ልጁም እንደተወለደ የመከላከያ ሽሮፑን ሲያገኝ ደግሞ ጡት እየጠባ እንኳ አደጋው ከመቶ ከ5 በታች ይወርዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ነው። ቫይረሱ በደሟ ካለ እናት የተወለደን ሕፃን በተለመደው ምርመራ ብትመረምሩት ከ18 ወር ዕድሜው በፊት «አለበት» ሊል ይችላል፤ ልጁ ንፁህ ሆኖ ሳለ! ምክንያቱም ያ ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን አንቲቦዲን፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ያሰለፈውን ወታደር ነው። ወታደሮቹ ደግሞ የእናትየዋ ናቸው። ከመውለዷ በፊት በእንግዴ ልጁ በኩል አሻግራ ስንቅ አድርጋ ሰጥታዋለች፤ ከኩፍኝና ከሌላውም በሽታ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ነው ሕፃኑ በስድስት ሳምንቱ ከተረከዙ ጥቂት የደም ጠብታ ተወስዶ ራሱ ቫይረሱ በሚፈለግበት ልዩ ምርመራ የሚታየው። የመጨረሻው ማረጋገጫ ደግሞ ከ18 ወር በኋላ ነው፤ ያኔ የእናቱ ወታደሮች ተሰናብተዋል።

እንገር የምንለው የመጀመሪያው ወተትም እንዲሁ በመከላከያ የተሞላ ነው። «ቆሻሻ ነው» ብለው አልበው የሚደፉ፣ ለሕፃኑም ቅቤ የሚያልሱ ቤተሰቦች አሉ። እቤታችሁ አራስ ካለች ይህን ተናገሩ። ለስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ውኃም ቢሆን አይሰጥም። ቫይረሱ በደሟ ላለ እናትማ ይህ ምክር የበለጠ ይጠብቃል፤ ጡትና ሌላ ምግብ መቀላቀል የሕፃኑን አንጀት ስለሚጎዳ ለቫይረሱ በር ይከፍታል።

አሁን ታሪኩን ልንገራችሁ። ባለታሪኮቹን አስፈቅጄ፣ እንዳይታወቁም አንዳንድ ነገር ለውጬ ነው።

እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ እናት ናቸው። የበኩር ልጃቸው ወንድ ነው፤ በ2001 ዓ.ም. ተወለደ። ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ በ2006 መጨረሻ። ልጁ የተወለደው እቤት ነው፣ ጎረቤት ናት ያዋለደቻቸው። ያኔ እናትየው ተመርምረው አያውቁም። ቅድም ከመቶ 10 ያልኳችሁን አስታውሱ፤ እሳቸው ከዘጠናዎቹ ናቸው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ምርመራውም መድኃኒቱም በየሰፈሩ አልደረሰም ነበር። ባላቸው ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው አካባቢ እየሳሉ ሰነበቱና ሞቱ። ሰዉ «ሳንባ ነው» አለ። እሳቸውም ሳንባ ነው ብለው ቀበሩ።

ቆይተው ሌላ ትዳር ያዙ፤ አረገዙ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በራቸውን አንኳኳች። ጨቅጭቃ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው፣ ተመረመሩ፣ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ እናት ሁሉ ሌላ መመዘኛ ሳትጠበቅ የዕድሜ ልክ ሕክምና እንድትጀምር ስለተወሰነ ወዲያው ጀመሩ። ነርሷ «ከዚህ በፊት የወለዱት ልጅ አለ?» ስትል ጠየቀቻቸው። አለ። አምስት ዓመቱ ነው፤ ያስለዋል፣ ጆሮው ይመግላል፣ ከእኩዮቹ ያነሰ ነው። አመጡት። እሱም ተገኘበት፤ እሱም ጀመረ። ልጅቱ ተወለደች፣ ሽሮፗን ወሰደች፣ በስድስት ሳምንቷም በመጨረሻውም ምርመራ ነፃ ሆነች።

ልጁ «ለምንድነው የምውጠው?» ሲል «ለሳንባህ ነው» ይሉት ነበር። ለአባቱ ሞት የተሰጠው ሰበብ ለሱም ደረሰው።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው የመድኃኒቱን ስም ከዕቃው ላይ አነበበና በጓደኛው ስልክ ፈለገው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እናቱ ፊት ክኒኑን አፉ ውስጥ ይከታል፣ ዞር ብሎ ይተፋዋል። በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን ሲለካ ሽቅብ ወጣ። ጤና ጣቢያውም እናትና ልጁን ወደ እኔ ላካቸው።

እናቱን ወደ ጎን አድርጎ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። «ሲስተር» ይለኛል፤ ነርስ አይደለሁም ብለው አልሰማ አለ። ከብዙ ዝምታ በኋላ የወጣችው የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ናት፦ «ለሷ ስትጠነቀቅ ለኔ ለምን አልተጠነቀቀችም?»

እናትየው የነጠላቸውን ጥለት ይቆነጥራሉ እንጂ አይመልሱም። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» እንላለን፤ አንዱ ቀይ አንዱ ጠይም፣ አንዱ ጨዋ አንዱ በጥባጭ ሲወለድ። ይህኛውን ዥንጉርጉር ግን ተረቱ አላሰበውም። አንዱ ማታ ማታ ክኒን ይውጣል፤ እህቱ አትውጥም። ከአንድ ሆድ ወጥተው። ልጁ የያዘው ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ እኔም ብሆን የምጠይቀው ነው። መልሱ ያለው ግን በእናቱ ፍቅር ማነስና መብዛት ውስጥ አይደለም፤ በዓመተ ምሕረቱ ውስጥ ነው።

ወረቀት አወጣሁና ዓመቶቹን ከላይ ወደ ታች ጻፍኩለት። 2001፣ አንተ ተወለድክ፣ እቤት። 2003፣ አባትህ አረፉ፣ ማንም አልተመረመረም። 2006፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ በር አንኳኳች፤ እናትህ ተመረመሩ። በማግስቱ አንተን ይዘው መጡ።

«በማግስቱ?» አለ።

«በማግስቱ። ካርዱ ላይ ቀኑ አለ።»

እናትየው ያኔ ነው አፋቸውን የከፈቱት። «ያን ሌሊት አልተኛሁም። እስኪነጋ እግርህን ይዤ ነው ያደርኩት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እሱም አልዞረም፤ ወረቀቱን ግን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ያን ቀን ታረቁ ብላችሁ እንዳትጨርሱት። አልታረቁም። በሦስተኛው ቀጠሮ ነው መድኃኒቱን እንደገና ለመውሰድ የተስማማው። «ለምን ዋሸሽኝ?» የሚለው ጥያቄ ከ«ለምን ወለድሽኝ?» ይልቅ ሲከብደው አየሁ። አሁን ከእናቱ ጋር ብዙ አያወራም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ግን ስልክ የሚያስጮኸው እሱ ነው። ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይቀዳል፤ አንዱን ከእናቱ ፊት ያስቀምጥና «መድኃኒትሽን» ይላል። አንድ ቃል። የደሙ ውጤት ባለፈው ጊዜ ሲመጣ ቫይረሱ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ወርዷል።

ወላጆችና መምህራን እዚህ ስላላችሁ ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ ትምህርት ቤት የደረሱ ልጆች ስለ ራሳቸው ውጤት እንደ ዕድሜያቸው ቀስ በቀስ ሊነገራቸው እንደሚገባ አስቀምጧል። እናቶች ግን የሚደብቁት ልጁን ለመጉዳት ሳይሆን ሰፈሩን ፈርተው ነው። ልጅ አፍ የለውም፣ ነገ መንገድ ላይ ይለዋል፣ እንጀራዬን የሚገዛኝ ይጠፋል ብለው። እንጀራ ጋጋሪ ለሆነች ሴት ይህ ስጋት ተራ ስጋት አይደለም። በእንጀራ፣ በሰላምታ፣ አብሮ በመብላት ኤች አይ ቪ እንደማይተላለፍ ሁላችሁም በፈተና ላይ ትመልሱታላችሁ፤ ሰፈር ውስጥ ስትመልሱት ግን አልሰማሁም።

ከእናንተም መካከል ማታ ማታ ክኒን የሚውጥ ይኖራል። ማንም አንገቱን እንዳያዞር! እኔም ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ላንተ ወይም ላንቺ የምለው ይህን ነው፦ መድኃኒቱ ቫይረሱን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ካደረሰውና እዚያው ከቆየ፣ ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ነገ ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ መውለድ ትችላላችሁ። በእናትህ ብትናደድም ንዴቱን ከክኒኑ ጋር አታገናኘው። እሷን ለመቅጣት ብለህ የምትተፋው ክኒን የሚጎዳው አንተን ነው፤ እሷንም ሁለት ጊዜ።

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳል» የሚል ተረት አለን። በሥራዬ ላይ ካየሁት ተነስቼ በዚህ ተረት አልስማማም። እናቱ ገበያ የሄደችበት ጮክ ብሎ ነው የሚያለቅሰው፤ የሚሰማው እንዳለ ያውቃልና። የሞተችበት ልጅ ድምፅ የለውም። ክፍላችሁ ውስጥ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ምንም የማይጠይቅ፣ የወላጅ ስብሰባ ሲባል ቀኑን የሚረሳ ልጅ ካለ እሱን እዩልኝ። ሌላም ዓይነት ገበያ አለ፤ ረጅም ገበያ። እናቶቻቸው ቤይሩት ወይም ሳውዲ ሄደው ልጆቻቸውን በስልክ የሚያሳድጉ። ጫማው ከዓረብ አገር ይመጣል፣ ያዋበሰው እጅ ግን የአያት ነው። እነዚህን አያቶች በእናቶች ቀን ማን ያስታውሳቸዋል? ልጃቸውን በበሽታ ቀብረው የልጅ ልጅ ታቅፈው እንደገና አንድ ብለው እናትነት የጀመሩ አሮጊቶች በየቀበሌው ነበሩ፤ ዛሬም አሉ።

ወንዶች! እናንተን አልረሳሁም። እስካሁን አባት የሚለውን ቃል ብዙ ያልጠራሁት ሆን ብዬ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ውስጥ አባት ብዙ ጊዜ በር ላይ ቆሞ ስለሚቀር። ነፍሰ ጡር ሴት ብቻዋን ተመርምራ ውጤቷን ብቻዋን ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ ምን እንደሚጠብቃት አስቡት። «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ተብላ የተባረረች ሴት አግኝቻለሁ፤ ሰውየው ራሱ ተመርምሮ አያውቅም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባት የምትሆኑ አላችሁ። ከዚያ በፊት የሚመጣው ውሳኔ፣ መቼ ትጀምራለህ፣ ከማን ጋር፣ ያለ ኮንዶም ወይስ በኮንዶም፣ ተመርምረህ ወይስ ሳትመረመር የሚለው፣ የማታውቃትን የልጅህን እናት ይመለከታል። ሴቶችም እንዲሁ።

ከሰዓቴ አልፌያለሁ መሰለኝ፣ ርእሰ መምህሩ ሰዓታቸውን እያዩ ነው። አሁን የክበቡ ልጆች ቁራጭ ወረቀት ያድሏችኋል። ጥያቄ ያለው ስሙን ሳይጽፍ ይጻፍና በሚኒ ሚዲያው ክፍል በር ላይ ካለው ሳጥን ይክተት። የሌለውም ባዶውን ወረቀት አጥፎ ይክተት፤ ማን እንደጠየቀና ማን እንዳልጠየቀ እንዳይለይ ነው። ነገ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ለጥያቄዎቹ በማይክሮፎን መልስ እሰጣለሁ። በማይክሮፎን መመለስ የሌለበት ጥያቄ ከመጣ ደግሞ እኔ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ እገኛለሁ። ከእናቱ ጋር መምጣት የሚፈልግም ይዟት ይምጣ።